ጠዋት ቁልቁለት፣ ማታ ዳገት፦ ለአዳማ ምልልስ የትኛዋ መኪና ታዋጣለች?

ጥያቄ

«የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ የምሠራው አዳማ ነው። በሳምንት አምስት ቀን በፈጣን መንገዱ እመላለሳለሁ። እስካሁን በሚኒባስና በሰው መኪና ነበር፤ አሁን ግን ያጠራቀምኳትን ይዤ ያገለገለች መኪና ልገዛ ነው። ሁለት የሥራ ባልደረቦቼም ነዳጅ እያዋጡ አብረውኝ ሊሄዱ ተስማምተናል። ወንድሜ ‹ባለ 1.0 ሊትር ሞተር ቪትዝ ግዢ፣ ነዳጅ አትቀምስም› ይለኛል። ደላላው ኤክስኪዩቲቭ አሳይቶኛል፤ መሥሪያ ቤት ያሉት ደግሞ ሱዙኪ ዲዛየር ይላሉ። ጎረቤቴ ጭራሽ ‹በዚህ ዘመን ቤንዚን ምን ያደርግልሻል፣ የኤሌክትሪክ ግዢ› አለችኝ። ግራ ገባኝ። ነዳጅ የማትበላው የትኛዋ ናት? ስገዛስ ምን ምኗን ልይ?»

ሰ. ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

ውድ እህታችን፣

የወንድምዎ ምክር ከሃያ ሁለት ቦሌ ለሚመላለስ ሰው ደህና ምክር ነው። በየመብራቱ እየቆመች ለምትሄድ መኪና ትንሽ ሞተር ያዋጣል። የእርስዎ መንገድ ግን ሌላ ነው፤ መኪናዋም ሌላ መሆን አለባት።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንያዝ። ከቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያ አዳማ 80 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ከቤትዎ እስከ መንገዱ ያለውና አዳማ ከተማ ውስጥ የሚነዱት ሲጨመር በቀን ደርሶ መልስ 170 ይበሉት። በወር 22 የሥራ ቀን ቢኖር 3,740 ኪሎሜትር፣ በዓመት ደግሞ ከ40,000 በላይ ይሆናል። ከተማ ውስጥ ብቻ የሚነዳ ሰው ይህን ያህል ለመንዳት ሦስትና አራት ዓመት ይፈጅበታል። የነዳጅ ዋጋ በየጊዜው ስለሚከለስ በብር አናሰላውም፤ ሊትሩን እንንገርዎትና ብሩን እርስዎ ያባዙት። በ100 ኪሎሜትር 5 ሊትር በምትበላና 7 ሊትር በምትበላ መኪና መካከል ያለው ልዩነት በወር 75 ሊትር ነው። ስለዚህ ‹ትንሽ ነዳጅ ትበላለች› የምትባል ነገር ለእርስዎ ትንሽ አይደለችም።

ቀጥሎ ከፍታው አለ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ፣ ቢሾፍቱ 1,900፣ የእርስዎ ሰፈር ከ2,100 በላይ ነው። ጠዋት 500 ሜትር ያህል ይወርዳሉ፤ ማታ ያንኑ መልሰው ይወጣሉ። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩ በቀጠነ ቁጥር ጉልበቱን ያጣል፤ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ብለው ይያዙት። ፋብሪካው 70 የፈረስ ጉልበት ብሎ ያወጣት ባለ 1.0 ቪትዝ ቱሉ ዲምቱ ላይ 55 ገደማ ናት ማለት ነው። በዚያ ላይ ሦስት ሰው ከነቦርሳው ይጫንባታል። የዚህ መንገድ ዳገት ረጅምና ለስላሳ ስለሆነ ዓይን አያየውም፤ ነዳጅ የሚረግጠው እግር ግን ያውቀዋል። መኪናዋ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ከሆነች በትንሹ አቀበት ወደ ሦስት ትወርዳለች፤ ሞተሩ ከ4,000 ዙር በላይ ይጮኻል፤ መንገዱ ላላ ሲል ወደ አራት ትመለሳለች፤ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ትወርዳለች። ትንሽ ሞተር ነዳጅ የሚቆጥበው ሳይጨነቅ ሲሠራ ነው። እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሲሄድ ኮምፒውተሩ ራሱ ሞተሩን ከሙቀት ለማዳን ሲል ነዳጁን ያበዛዋል።

በመሆኑም የሚፈልጉት ከ1.2 እስከ 1.5 ሊትር ሞተር ያላት፣ ክብደቷ አንድ ቶን አካባቢ የሆነች፣ ቢቻል ማንዋል የሆነች መኪና ነው። ባለ 5 ማርሽ ማንዋል ለዚህ መንገድ ከአሮጌ ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ይሻላል፤ ማርሹን እርስዎ ስለሚወስኑ ሞተሩ ከላይ ታች አይባክንም።

አሁን ወደ ተባሉት መኪኖች እንሂድ። ቪትዝን ከወደዱ ባለ 1.3ቷን ይፈልጉ። 2ኤንዜድ በሚባለው ሞተሯ ውስጥ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው የጎማ ቺንጋ ሳይሆን የብረት ካቴና ስለሆነ ቺንጋ ይበጠሳል የሚል ሐሳብ የለበትም፤ መለዋወጫውም በየሱቁ አለ። የውስጥ ስፋቷ ለሦስት ሰው ይበቃል።

ኤክስኪዩቲቭ የምንላት ኮሮላ ለረጅም መንገድ የተመቸች ናት፤ መሬት ትይዛለች፣ ነፋስ አያንገላታትም። ሞተሩን ሳያዩ ግን እሺ አይበሉ። በዚያች መኪና ውስጥ ሁለት የሞተር ዘር አለ። ኤንዜድ የሚባሉት 1.3ና 1.5 ጤነኞች ናቸው። ዜድዜድ የሚባሉት 1.4፣ 1.6ና 1.8 ደግሞ፣ በተለይ እንደ ፈረንጅ ከ2005 በፊት የተሠሩት፣ ዘይት በመብላት የታወቁ ናቸው፤ የፒስተኑ ዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች በካርቦን ይደፈኑና ዘይቱ ከነዳጁ ጋር ይቃጠላል። የሞተሩ ዓይነት ኮፈኑ ሥር ባለችው የብረት ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፤ ደላላው ሳይሆን እሷ ትንገርዎት። በ1,000 ኪሎሜትር አንድ ሊትር ዘይት የምትበላ መኪና በእርስዎ ምልልስ በወር 3.7 ሊትር ትጠጣለች። 1.5ቱ ኤንዜድ ሞተር ዘይቱ ከነፊልትሮው ሲለወጥ የሚወስደውም 3.7 ሊትር ነው። በየወሩ አንድ ሙሉ ዘይት አቃጠሉ ማለት ነው።

የእኛ ምርጫ ማንዋል ዲዛየር ናት። ሞተሯ 1.2፣ ክብደቷ 900 ኪሎ አካባቢ ነው፤ በ95 እና በ100 መካከል ከተነዳች በመቶ ኪሎሜትር 5 ሊትር ገደማ ይበቃታል። ችግሯ ሞተሯ ሳይሆን ታሪኳ ነው፤ ገበያ ላይ ካሉት ብዙዎቹ በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች ነበሩ። ታክሲ መኪና ደንበኛ ስትጠብቅ ሞተሯ እየሠራ ትቆማለች፤ ያ ሰዓት ኪሎሜትር ቆጣሪው ላይ አይመዘገብም። ስለዚህ ቁጥሩን ትተው የሰው አካል የሚነካውን ይዩ፤ የፍሪሲዮን መርገጫው ጎማ ለስልሶ ከሆነ፣ የሾፌሩ ወንበር በበሩ በኩል ሰምጦ ከሆነ፣ መሪው ከላይ አብረቅርቆ ከሆነ፣ ‹60,000 ብቻ ነው የሄደችው› የሚለውን አይመኑ። ሌላዋ ድክመቷ ቅለቷ ነው። አዳማ አጠገብ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም፤ ከሞጆ ወዲያ ነፋሱ ከጎን ሲመጣ መሪውን በሁለት እጅ መያዝ አለብዎት።

አሮጌ አክሰንትና አቶስ ርካሽ ሆነው ቢያገኟቸው አንድ ነገር ይወቁ፤ ቫልቮቹን የሚያዘው የጎማ ቺንጋ ነው። ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቮቹን ያጣምማቸዋል፤ ቴስታው (የሞተሩ ራስ) ለጥገና ይወርዳል። መቼ እንደተለወጠ ደረሰኝ ከሌለ አልተለወጠም ብለው ይቁጠሩና ቺንጋውን፣ መወጠሪያውን፣ የውሃ ፖምፓውን በአንድ ላይ ያስለውጡ። በዓመት 40,000 ለሚነዳ ሰው ይህ ሥራ በየሁለት ዓመቱ ይመጣል። ናፍጣ መኪና ለዚህ መንገድ በሐሳብ ደረጃ ጥሩ ነው፤ ግን ኢንጀክተሩና ፖምፓው የደከመ አሮጌ ናፍጣ በነዳጅ የቆጠበልዎትን በአንድ ጥገና ይወስደዋል። ይለፉት።

የጎረቤትዎን ምክር አንናቅ። የኤሌክትሪክ መኪና ለቋሚ ምልልስ የተሠራች ይመስላል፤ የነዳጅ ወረፋም የለባትም። ነገር ግን ሁለት ቁጥር ያስተያዩ። ቻይና ሠራሽ መኪኖች ላይ የሚጻፈው ርቀት ዝግ ባለ አነዳድ የተለካ ነው፤ በፈጣን መንገድ ላይ ከዚያ ውስጥ 60 እና 65 በመቶውን ቢያገኙ ነው። ትንሿ ባትሪ ያላት ቢዋይዲ ሲጋል 305 ኪሎሜትር ተብላ ትሸጣለች፤ ለእርስዎ 190 ገደማ ናት። 170 ለሚነዳ ሰው ይህ አያስተኛም፤ ባትሪውም ከዓመት ዓመት ይቀንሳል። 405 የተባለችው ትሻላለች። ዋናው ግን ማታ የት ትሰኩታላችሁ የሚለው ነው። የራስዎ ቆጣሪና ግቢ ያለው ቤት ቢሆን ‹እሱን ይግዙ› እንልዎት ነበር። ከኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገመድ አውርዶ መኪና መሙላት ግን አደጋም ነው፣ ከጎረቤትም ያጣላል። አዳማ መሥሪያ ቤትዎ ግቢ ውስጥ መሙላት የሚፈቀድልዎት ከሆነ ሐሳቡ እንደገና ይከፈት።

ከሁሉ በላይ ግን ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ እናውራ፤ ቴርሞስታት። እዚህ አገር ያገለገለ መኪና ሲገዛ ከዚህች ዕቃ የበለጠ የነዳጅ ሌባ የለም፤ ሲፈትሻት የሚታየው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የምትዘጋ በር ናት። ሙቀቱ 82 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ትከፈታለች። ብዙ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሞቀች ሲባል የመጀመሪያው መድኃኒት እሷን አውጥቶ መጣል ነው። ያን ጊዜ ውሃው ያለ ገደብ ይዞራል፤ መኪናዋ አትሞቅም፤ ባለቤቱም ይደሰታል። በፈጣን መንገድ ላይ ግን በ100 ፍጥነት የሚመጣው ነፋስ ራዲያተሩን ሲመታው፣ በተለይ ጠዋት በቁልቁለቱ፣ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ብርድ ላይ ይውላል። ኮምፒውተሩ ‹ሞተሩ ገና አልሞቀም› ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። ብዙ አውቶማቲክ ካምቢዮዎች ደግሞ ሞተሩ በቂ ሙቀት ሳያገኝ የመጨረሻውን ማርሽ አይሰጡም። ያልተቃጠለው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ጥሩ ሞተር ያላት መኪና በዚህች በአንዲት ዕቃ ምክንያት ነዳጅ በላተኛ ተብላ ትሸጣለች።

መኖር አለመኖሯን ለማወቅ መካኒክ አያስፈልግዎትም። ሻጩን ‹ከመምጣቴ በፊት እንዳታስነሳት› ይበሉት፤ ሲደርሱም ኮፈኑን በእጅዎ ነክተው መቀዝቀዙን ያረጋግጡ። ሞተሩን አስነስተው ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ ራስ የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ ይያዙ፤ ከማራገቢያውና ከቺንጋው ግን እጅዎን ያርቁ። ቴርሞስታቷ ካለች ቱቦው ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና በድንገት ይግላል። ከሌለች ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ቀስ እያለ ለብ ይላል። ሁለተኛው መንገድ የሙቀት መለኪያው ነው፤ በመንገድ ላይ ስትፈጥን መርፌው ከመሃል ወደ ታች ከወረደና ስትቆም ከተመለሰ ቴርሞስታቷ የለችም ወይም አትዘጋም። አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ መርፌ የለም፤ ሰማያዊ መብራት ብቻ ነው ያለው። እነሱን በኮምፒውተር ያስፈትሹ፤ በመንገድ ላይ ከ82 እስከ 95 መቆም ሲገባው 60ዎቹ ውስጥ ከዋለ መልሱን አገኙ።

ታዲያ ገዝቶ አዲስ ማስገባት ነው? አይቸኩሉ። ‹ለምን ወጣች?› ብለው ይጠይቁ። ቴርሞስታት የምትወጣው መኪና ስለሞቀች ነው፤ የሞቀችበት ምክንያት ግን እዚያው ሊኖር ይችላል። ራዲያተሩ በቧንቧ ውሃ ደለል ተደፍኖ ይሆናል፤ ማራገቢያው ሞቶ ይሆናል፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ አቅቶት ይሆናል። እኛ ከፍታ ላይ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ዳገት ላይ መፍላቱ አይቀርም። ከሁሉ የከፋው የቴስታው ጓርኒሲዮን (ከሞተሩ አካል ጋር የሚገጥምበት ማሸጊያ) ተበልቶ ከሆነ ነው። ስለዚህ መኪናዋን ከወደዷት ሻጩን አስፈቅደው፣ በእርስዎ ወጪ ቢሆንም፣ አዲስ ቴርሞስታት አስገብተው ያንን የማታ ዳገት ያስወጧት። በሽታው ካለ ያኔ ይወጣል። ሻጩ እምቢ ካለ ያ ራሱ መልስ ነው።

የሙከራ ጉዞውን በሰፈር ውስጥ አይጨርሱት። የነዳጁንና የፈጣን መንገዱን ክፍያ ከፍለው ቢያንስ ቢሾፍቱ፣ ቢቻል አዳማ ድረስ ደርሰው ይመለሱ፤ ሦስት ሰው ሆነው ይሂዱ። መግቢያው አጠገብ ካለ ማደያ ታንኩን ማንሻው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጭ እስኪል ይሙሉ፤ የጉዞ ቆጣሪውን ዜሮ ያድርጉ፤ ሲመለሱ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ቀጂ ጋር፣ እንደዚያው ይሙሉ። 160 ኪሎሜትር ሄዳ 8.8 ሊትር ከወሰደች በመቶ 5.5 ናት። የዚህ ዓይነት ልክ ጥቂት ስሕተት ቢኖረውም ከማንም አፍ የተሻለ ነው።

በመንገዱ ላይ የሚያዩት ይህን ነው። በ80 እና በ100 መካከል መሪው ከተንቀጠቀጠ የጎማ ባላንስ ወይም የተጣመመ ቸርኬ ነው። ፍሬን ሲይዙ ከተንቀጠቀጠ የፍሬኑ ዲስክ ነው። ፍጥነት እየጨመሩ ሲሄዱ አብሮ የሚጨምር ጉምጉምታ ካለ መሪውን ቀስ ብለው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘንብሉት፤ ወደ አንዱ ሲያዘነብሉ ከበረታ የጎማው ኩሽኔታ አልቋል። በከፍተኛው ማርሽ 60 ላይ ሆነው ነዳጅ ድንገት ይርገጡ፤ የዙሩ መርፌ እየወጣ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ረጅሙን ቁልቁለት ነዳጅ ለቀው ወርደው መልሰው ሲረግጡ በመስታወት ወደ ኋላ ይመልከቱ፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው፣ ጥቁር ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው፣ ሞተሩ ሞቆ ሳለ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ወደ ሲሊንደር የገባ ውሃ ነው። ከዳገቱ ስትመለስ ሞተሩን ሳያጠፉ የውሃ መሙያውን ዕቃ ይዩ፤ አረፋ እያፈላ ከሆነ ወደ ቤትዎ በታክሲ ይመለሱ። የራዲያተሩን ክዳን ግን ሞቆ ሳለ አይክፈቱ።

ይህን ሁሉ ካለፈች ኮምፕሬሽኗን፣ ማለት ሲሊንደሮቹ አየር ሲያምቁ የሚፈጥሩትን ግፊት፣ ያስለኩ። ካንዴላዎቹ ሁሉ ወልቀው፣ ሞተሩ ሞቆ፣ ነዳጅ ሙሉ ተረግጦ ይለካ። ቁጥሩ ግን እንዳያስደነግጥዎት፤ የፋብሪካው መጽሐፍ የሚናገረው ባሕር ወለል ላይ ሆኖ ነው። መጽሐፉ 200 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚለው እኛ ዘንድ ከ155 እስከ 160 ቢያነብ ጤነኛ ነው። ይህን የማያውቅ ገዢ ደህናዋን መኪና ጥሎ ይሄዳል፤ ይህን የሚያውቅ ሻጭ ደግሞ የሞተችውን ‹ከፍታው ነው› ብሎ ይሸጣል። ፍርዱ ያለው በሲሊንደሮቹ መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው፤ ከ10 በመቶ አይብለጥ።

ጎማ ላይ አይሰስቱ። ከጎኑ ‹ዶት› ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች ያንብቡ፤ 2319 ቢል እንደ ፈረንጅ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ከስድስት ዓመት ያለፈው ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ለ100 ፍጥነት አይሆንም፤ ለስኮርታም ቢሆን ይብቃው። ነፋሱን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ያስለኩ፤ መጠኑ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተጽፏል፣ ለትንንሾቹ መኪኖች ብዙውን ጊዜ ከ32 እስከ 35 ፒኤስአይ ነው። ነፋሱ ያነሰ ጎማ ጎኑ እየታጠፈ እየተዘረጋ ይግላል፤ ፈጣን መንገድ ላይ የሚፈነዳውም በብዛት እሱ ነው። ነዳጅ መጨመሩም ሳይረሳ።

ስለ ወረቀቱ በአጭሩ። ሊብሬውን ከሻንሲና ከሞተር ቁጥሩ ጋር በዓይንዎ ያስተያዩ። የባንክ ዕዳና የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለባት ፋይሏ ካለበት መንገድ ትራንስፖርት ያስጣሩ። ከቀረጥ ነጻ የገባች ከሆነች ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም። የንግድ ታርጋ ያላትን ወደ ግል ለማዞር ምን እንደሚያስከፍል ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ይጠይቁ። በውክልና ብቻ የሚሸጥልዎትን ይተዉት፤ ባለቤቱ ራሱ ውልና ማስረጃ ይቅረብ።

ገዝተው ሲነዱ ደግሞ ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ ቁጠባ አለ። መንገዱ ለትንሽ መኪና እስከ 120 ይፈቅዳል፤ የአየሩ ግፊት ግን በ120 ከ100ው በ44 በመቶ ይበልጣል። 80 ኪሎሜትሩን በ120 ቢሄዱ 40 ደቂቃ፣ በ100 ቢሄዱ 48 ደቂቃ ነው። በቀን ደርሶ መልስ ለምታተርፏት 16 ደቂቃ 2 ሊትር ያህል ትከፍላላችሁ። ጠዋት በቁልቁለቱ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ መልቀቅ ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉትን አይስሟቸው። ኢንጀክተር ያለው ሞተር በማርሽ ሆኖ ነዳጅ ሲለቀቅለት ቤንዚኑን ጨርሶ ይዘጋል፤ በፎሌ ከሆነ ግን እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት አለበት። ሞተሩም መኪናዋን አይዝልዎትም፤ ፍሬኑ ብቻውን ይቀራል።

ከገዙ በኋላ ከመጀመሪያው ሰኞ በፊት ዘይት፣ የዘይትና የአየር ፊልትሮ፣ ካንዴላ ይለወጥ፤ ራዲያተሩ ታጥቦ በቧንቧ ውሃ ሳይሆን በኩላንት ይሞላ። ከዚያ ተራ ዘይት ከሆነ በየ5,000 ኪሎሜትር ይለወጣል፤ ለእርስዎ ይህ በየ40 ቀኑ ነው። የአየር ፊልትሮው በሰፈራችሁ አቧራ ምክንያት በዘይት ለውጡ መሃል አንድ ጊዜ ይራገፍ። የዘይት መለኪያዋን በየቅዳሜው ጠዋት ሳይነሱ ይዩ።

ከባልደረቦችዎ ጋር ያለውን መዋጮ በተመለከተ፣ ገንዘቡን ከመቁረጣችሁ በፊት ሁለት ሳምንት ከሙሉ ታንክ እስከ ሙሉ ታንክ ይለኩ። ነዳጁን ብቻ ለሦስት ከተካፈላችሁ ጎማውና ዘይቱ እርስዎ ላይ ይቀራል። በዓመት ዘይት ስምንትና ዘጠኝ ጊዜ ይለወጣል፤ አራት ጎማ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ያልቃል። የእነዚህን ዋጋ ለወራቱ አካፍለው ከነዳጁና ከመንገዱ ክፍያ ጋር ይደምሩ፤ ለሦስት የሚካፈለው ያ ድምር ነው።